አሥር ሊትር ለአምስት ቀን

ልጄ ሕዝቅኤል ተቀምጦ አይበላም። ሳህኑን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ እየጎረሰ ከቤቱ ደጃፍ እስከ አጥሩ በር ይመላለሳል። «ተቀመጥ እንጂ፤ የበላኸው እግርህ ላይ ይቀራል» ስለው «እሺ እማየ» ይላል፤ እሺታው ከአፉ ሳይደርቅ ተነሥቶ አገኘዋለሁ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ሆዴ ውስጥ ሳለም እንዲሁ ነበር፤ አላስተኛኝም።

አባቱ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጣና ዳር ባለች አንዲት ደብር ዜማ ያስተምሩ ነበር። ሕዝቅኤልን በሰባት ዓመቱ ከተማሪዎቻቸው መካከል አስቀመጡት። ጆሮው የሚገርም ነበር፤ አንድ ጊዜ የሰማውን ሳያዛንፍ ይመልሰዋል። ግን በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ባለፈች ቁጥር ፊቱ ከመምህሩ ወደ ውኃው ይዞራል። አንድ ቀን ዜማውን አቋርጦ «ያቺ ጀልባ ታማለች» አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ አባቱ ተቆጡት። ጀልባዋ ግን ወደቡ ሳትደርስ ቆመችና በታንኳ ጎትተው አወጧት። ያን ዕለት አባቱ «ጆሮህን እግዚአብሔር ለዜማ ሰጠህ፤ አንተ ለጢስ ሸጥኸው» አሉት። ይህን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉትም። ቢሆንም የደብሩ ጄኔሬተር በተበላሸ ጊዜ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው አያስጠሩም ነበር። እሱ ሲሠራ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ዳዊት የሚደግሙ መስለው ያዳምጡታል። እኔ አይቻለሁ።

አሁን ከፔዳ ሰፈር ዝቅ ብሎ ባለች ቆርቆሮ ቤት ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ከጎኑ ኑርሑሴን የሚባል የወረታ ሰው መለዋወጫ ይሸጣል። ኑርሑሴን ልጄን «መሪጌታ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ሕዝቅኤል ሞተር ሲመረምር መጀመሪያ መፍቻ አያነሣምና ነው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ከሞተሩ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር አጥንት አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። «ዝም በሉ፤ መሪጌታ ቅኔ እየቆጠረ ነው» ይላል ኑርሑሴን፤ ሰፈሩ ይስቃል።

ሚስቱ ወለተ ኪዳን አዋላጅ ናት። አስቀድማ የእኔ ተከራይ ነበረች፤ የጤና ተማሪ ሆና ከግቢዬ አንዲት ክፍል ይዛ አራት ዓመት ኖረች። ሀ ሁ ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፤ ያን ጊዜ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። የመሪጌታ ሚስት ሆኜ ፊደል አለማወቄን ማንም አያነሣውም ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን የመድኃኒቴን ብልቃጥ ለጎረቤት ላስነብብ ይዤ ስወጣ አየችኝና ከበሩ መለሰችኝ። ስለዚህ ለእኔ ምራት ብቻ አይደለችም።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ሲገባ የወሊድ ፈቃዷ፣ ያለ ደመወዝ ካስጨመረችው ጋር፣ አለቀ። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከሐሙሲት ወደ ወንዛዬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ክፉ አቀበት በላይ ነው፤ ደርሶ መልስ ዘጠና ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጣቢያው ሞተር ሳይክል ሰጥቷታል፤ ለሞተሯም በሳምንት አሥር ሊትር ቤንዚን። ከመውለዷ በፊት ቤንዚን እንደ ልብ ይገኝ ስለነበር ሞተሯ ስንት እንደምትጠጣ የጠየቀ አልነበረም። አሁን ግን ጊዜው ከፋ፤ ማደያው ሁሉ ሰልፍ ሆነ፤ ከአሥሩ ሊትር ሌላ የለም። አሥሩ ሊትር ደግሞ አምስቱን ቀን አላደርስ አለ። ሐሙስ ጠዋት ከጣቢያው በር ስትደርስ ቋቱ ይደርቃል። ሐሙስ እዚያው ታድራለች፤ ዓርብ በቀትር ሥራዋን አቋርጣ፣ ሞተሯን ኢሱዙ ላይ አስጭና ትመጣለች።

ቤት ውስጥ ቃለ ሕይወት አለች፤ ያን ጊዜ የስምንት ወር ሕፃን ናት። ጡጦ ስንሰጣት በምላሷ ገፍታ ታወጣዋለች፤ በማንኪያ ብንሞክራት በድዷ ነክሳ ትይዘዋለች። ቀኑን በገንፎ ታሳልፈዋለች፤ ሲመሽ ግን እናቷን ካላገኘች ቤቱ ቤት አይሆንም። የሐሙስን ልቅሶ እኔ አውቀዋለሁ። እኔ አዝያት ከአጥር አጥር ስመላለስ፣ አባቷ ደግሞ ከኋላዬ ይመላለሳል።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል የጣቢያው ኃላፊ አቶ ብሥራት ጠሯት። ክፉ ሰው አይደሉም።

«እህቴ፣ ምጥ ዓርብን ዘሎ አይመጣም» አሏት። «እስከ ግንቦት መጨረሻ አያለሁ። ከዚያ ወዲያ ወይ እዚህ ቤት ተከራዪ፣ ወይ ቦታውን እዚህ ለሚያድር ሰው እሰጣለሁ።»

ልጅቱን ይዛ ብትሄድ ማን ይይዝላታል? ትታት ብትሄድ ማን ያጠባታል? ሥራውን ብትተው ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ትምህርቷ! መጥታ ስትነግረን አላለቀሰችም። ጫማዋን እያወለቀች «አሥር ሊትር ለአምስት ቀን» ብቻ አለችና ሕዝቅኤልን አየችው።

«በላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት ቤንዚን ጥቂት ብንጨምርበትስ?» አልሁ።

«እማየ፣ ግማሹ ላምባ ነው» አለ ልጄ። «ሞተሯን ገድለን ነው የምናድናት?»

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልናገር። ወለተ ኪዳን ወደ ሥራ ከመመለሷ አንድ ቀን በፊት፣ ሕዝቅኤል የሞተሯን መቀመጫ አውልቆ የአቧራ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮዋን፣ ሲያጥብ አጠገቡ ነበርሁ። ከስፖንጁ የወጣው አፈር ጣሳ ይሞላል። «ሞተርን የሚገድለው አቧራ ነው እማየ» አለኝ። ፊልትሮውን መልሶ ሲገጥም ስልክ ተደወለለትና መቀመጫዋን ሳይመልስ ወጣ፤ እስኪመሽም አልተመለሰም። ከመቀመጫው ሥር እንደ ዋንጫ የተከፈተ አፍ አየሁ። አቧራው በዚህ ነው የሚገባው አልሁ። መሪጌታ ማኅሌት ሲቆሙ የሚለብሱት ነጠላ አርጅቶ ከሣጥኔ ውስጥ ነበር። ከጥለቱ ጋር አንድ ክንድ ያህል ቀደድሁ፤ ጠበል ነክሬ በፀሐይ አደረቅሁት፤ አጥፌም ከዚያ አፍ አጥብቄ ወሸቅሁት። እሷን ከመንገድ ክፉ፣ ሞተሯን ከአቧራ ይጠብቅልኝ ብዬ ነው። ሕዝቅኤል ይስቅብኛል ብዬ ሳልነግረው ቀረሁ። ከዚያም ረሳሁት።

«ሌባ አለባት» አለ ሕዝቅኤል፤ ፍለጋውንም ጀመረ። ጎማዎቿን ነፋ። የኋላ ጎማዋን የሚያዞረውን ካቴናዋን አጥቦ በዘይት አራሰ። ቫልቮቿን ለካ፤ ቆማ የምትዞርበትን ሚኒሞዋን ዝቅ አደረገ። ፊልትሮዋን ግን በቅርቡ አጥቤያታለሁ ብሎ መቀመጫዋን አላነሣም። ካንዴላዋን ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እሳት የሚያወጣው ጫፏ ጥላሸት ለብሷል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለጠላ ገብስ ቆልቻለሁ፤ የአሻሮ መልክ አይጠፋኝም።

«ይህ አርሯል» አልሁት።

«አርሯል። የጠጣችውን ሳታቃጥል በጢስ ትተፋዋለች።»

«ደህናው ምን ይመስላል?»

«አንቺ አሻሮውን ከእሳት የምታወርጅበት ጊዜ አለ አይደል? ነጭም ያይደለ፣ ጥቁርም ያይደለ። እሱን።»

ካንዴላዋን ጠረጋት፤ በሦስተኛው ቀን መልሳ ጠቆረች። ከዚያ ደግሞ አነዳድሽን ልይ ብሎ የኑርሑሴንን ሞተር ተውሶ ከሚስቱ ኋላ ኋላ እስከ ሐሙሲት ተከተላት። ማታ ሲመለሱ ክርክራቸው ከበሩ ቀድሞ ገባ።

«እግርሽን ፍሬኑ ላይ አስቀምጠሽ ነው የምትነጂው።»

«አላስቀምጥም!»

«ከዘንዘልማ እስከ ሐሙሲት የኋላ መብራትሽ አልጠፋም።»

«በጉ ይገባብኛል፣ አህያው ይገባብኛል፣ ባጃጁ ይገባብኛል። ምን ላድርግ፣ ልርገጠው?»

«ቀድመሽ አይተሽ የቤንዚኑን እጀታ ልቀቂዋ። እሷ ራሷ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ፍሬን ማለት እኮ የተቃጠለ ቤንዚን መድፋት ነው።»

«ቁልቁለት ላይ ሞተሯን አጥፍቼ በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ እወርዳለሁ። እሱስ አይቆጠርልኝም?»

«ኧረ አታጥፊያት! ማርሽ ውስጥ እያለች እጀታውን ከለቀቅሽ የምትጠጣው ጥቂት ነው። በፎሌ ስትወርጂ ያ አህያ ቢገባብሽ ፍሬን ብቻውን ምን ያደርግልሻል?»

«እንግዲያ አንተ ንዳ፤ አንተም አዋልድ» አለችው።

እኔ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ አልቀረም። በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት ሐሙስ ማታ በራሷ ሞተር መጣች። ዓርብ ግን የሚያስኬዳት ቤንዚን አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ቀረን። አንድ ቀን ብቻ ሲቀር ሰው ከሩቁ ጊዜ ይልቅ ይታወካል። ሕዝቅኤል ሌላ ደንበኛ መቀበል ተወ፤ ሲናገሩት አይሰማም፤ ሞተሯን ሲሰማ ግን ፊቱ ይጨማደዳል። «አሁንም ትጠጣለች። የት ነው የምታደርሰው?» ይላል።

ያን ጊዜ ነው ኑርሑሴን የሽቦውን ነገር ያነሣው። በካርቡራተሩ ውስጥ ከመርፌ ዓይን የጠበበ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፤ ሞተሩ የሚጠጣው በእሷ በኩል ነው። የዚያ መንደር ጠጋኞች ከመብራት ገመድ አንዲት የመዳብ ዘለላ መዝዘው በቀዳዳዋ ይሰኩና ያጠብቧታል። ሕዝቅኤል ይህን «የሰነፍ ሥራ» እያለ ሲሰድብ ዓመታት አልፈዋል።

«መሪጌታ፣ በዚህ መንደር ሽቦ ያልሰካህ አንተ ብቻ ነህ» አለው ኑርሑሴን። «ጽድቁን ተወውና ኩነኔው ውስጥ ግባ።»

«ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው» አለ ልጄ። ሽቦውን ሲሰካ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ልጅ ሳለም ያልተፈቀደ ነገር ሲያደርግ ጀርባውን ነበር የሚሰጠኝ።

ሰኞ ደህና ሄደች። ማክሰኞም ረቡዕም ደህና ሄደች፤ ቤንዚኑም ተረፈ። «አቀበቱ ላይ ግን ትለምናለች» አለች ወለተ ኪዳን። «ሁለተኛ ማርሽ አድርጌም ትለምናለች።» «ትንሽ ታገሻት» አላት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢሱዙ ከበራችን ቆመ። ሞተሯ በገመድ ታስራ ከላይ ተጋድማለች። ወለተ ኪዳን ከፊት ወረደች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ከጀርባዬ ልጇን ተቀብላኝ፣ ቁጭ ብላ ጡቷን ካጎረሰቻት በኋላ ነው የተናገረችው። ጠዋት አቀበቱ መካከል ሞተሯ ጋለች፤ ጋለችና ቆመች። የወረደባት የዝናብ ጠብታ ብረቱ ላይ ጭስ ሆኖ ይነሣ ነበር። የያዘችውን የክትባት ሣጥን ተሸክማ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሯ ወጣች። ጣቢያው ውስጥ ከንጋት ጀምሮ የምታምጥ እናት እየጠበቀቻት ነበር።

«ደረስሽ?» አልኋት።

«ደርሻለሁ። ስገባ ራሱ ታይቶ ነበር። ወንድ ነው።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ሕዝቅኤል፣ እኔ የለመንሁህ የምትቆጥብ ሞተር ብቻ አይደለም። የምትወጣ ሞተር ነው። ቤንዚኑ ተርፎ እኔ መንገድ ላይ ብቀር ለማን ነው?»

ልጄ ሞተሯን ከግቢው መካከል አቁሞ ካንዴላዋን ፈታ። አንሥቶ አያት፤ ወደ እኔም ዘረጋት። እንደ ኖራ ነጭ ሆናለች፤ እሳት ያላየ ገብስ።

«ያኔ ጥቁር፣ ሰኞ ማታ ሳያት ጠይም፣ ዛሬ ነጭ!» አለ። «ሽቦው ያው ነው። ቀዳዳዋ ያችው ናት። ምንድን ነው የተለወጠው?» ሞተሯን ዞራት፤ ደግሞ ዞራት። ኑርሑሴን የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ መጣ። ሁለቱ ሆነው መቀመጫዋን አነሡ።

ከዚያ ዋንጫ ከመሰለ አፍ ጭቃ የጠጣ ጨርቅ ወጥቶ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል።

«ይኸውላችሁ ሌባው!» ብሎ ጮኸ ኑርሑሴን። «ሐይቁ ዳር ያሉት ሞተር አጣቢዎች ናቸው። መጥረጊያቸውን ረስተውባት ነው!»

ሕዝቅኤል መፍቻውን እንደ ያዘ ወደ በሩ ነጎደ። «ዛሬ ያውቁኛል!»

ጭቃው መካከል የጥለቱን ቀለም አየሁ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። አጣቢዎቹ ይሰደባሉ፣ ይምላሉ፣ ነገሩ ይረሳል። እኔ ግን ከኋላው ተጣራሁ።

«ሕዝቅኤል፣ ተመለስ። እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«የወሸቅሁት። የአባትህ ነጠላ ነው። ለአቧራው ብዬ ነው።»

ተመልሶ መጣ። ጨርቁን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ እግሩን ዘርግቶ እዚያው እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ደነገጥሁ። ሲያመውም እንዲህ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

«ያ አላህ» አለ ኑርሑሴን በቀስታ፣ «መሪጌታ ተቀመጠ።»

ወለተ ኪዳን ናት መጀመሪያ የሳቀችው፤ ልጇን እያጠባች ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ሕዝቅኤልም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«እማየ» አለኝ፣ «ሞተር ከሚጠጣው የሚተነፍሰው ይበልጣል። ለአንድ እጅ ቤንዚን አሥራ አምስት እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። አንቺ ትንፋሿን ዘጋሽባት፤ አየር ስታጣ ቤንዚኑን ሳታቃጥለው ተፋችው። እኔ ደግሞ ሌባውን ፈልጌ ባጣ ጉሮሮዋን አነቅኋት። ዛሬ መንገዱ ሲያንገጫግጫት ጨርቁ ወጣ። አየሩ ሞላ፣ ቤንዚኑ ጎደለ፤ ጋለች።»

«እንግዲያ ያ ሽቦ ጾም አይደለም፤ ረሃብ ነው» አልሁት። «ጾም ልክ አለው።»

«ልክ አለው» አለ፤ ተነሣም።

እኔ ግን በዚያ ምሽት ሐሙሶቹን ቆጠርሁ። ልጅቱ ያለ እናቷ ያለቀሰችባቸው አምስት ነበሩ። በአምስቱም እጄ ነበረበት። አዝዬ ሳባብላት የነበረው ራሴ ካመጣሁባት ልቅሶ ነው። ይህን ለወለተ ኪዳን ስነግራት «ይተዉ እማማ፤ እኔም ፍሬን ረግጬ ነበር» አለችኝ። ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን አላሳረፈኝም።

በማግስቱ ሕዝቅኤል የሞተሯን ራስ ከፍቶ ፒስተኗን አየ። ተመስገን፣ አልተጫረም። ሽቦውን ነቀለና ወደ አጥሩ ወረወረው። ከዚያ ኑርሑሴን የነሐስ ብሎኖቹን በሳህን አቀረበለት። እያንዳንዷ ላይ እንደ ቅማል እንቁላል ያነሰ ቁጥር ተቀርጿል። ልጄ ዓይኑ ከቅርብ ማየት ከተወ ቆይቷል፤ መነጽር ግን አላደርግም ይላል።

«እማየ፣ አንብቢልኝ።»

መነጽሬን አደረግሁ። «ይህቺ የነበረችው መቶ አምስት ትላለች። ይህቺ መቶ አሥር። ይህቺ መቶ።»

«መቶዋን ስጪኝ። ይህች ሞተር የተሠራችው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑም በዚያው ልክ አንዲት ነጥብ ዝቅ ማለት አለበት።»

«እማማ፣ ሱቄ ላስቀምጥዎት እንዴ?» አለ ኑርሑሴን። «እኔም ቁጥሩ አይታየኝም። በግምት ነው የምሸጠው።»

«እንግዲያ ስንቱን አቀበት ላይ አስቀርተሃል!» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሕዝቅኤል ሞተሯን አስነሥቶ ከደጃፌ ቆመ። «ነይ ውጪ እማየ። ወደ ቤዛዊት አቀበት እንሂድ። ክብደት ጭኜ ልፈትናት።»

«ጆንያ የለህም?»

«ጆንያ አይናገርም። አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ነጠላዬን ከወገቤ አስሬ፣ ወደ ጎን ተቀምጬ ወገቡን አቀፍሁ። ከሞላ ጎደል ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አቀበቱ ሲጀምር ጀርባው ላይ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ድምፅዋ በአጥንቱ በኩል ይመጣል። መንገዱ ከፍ አለ፤ እሷም ድምፅዋን ከፍ አደረገች እንጂ አልተቆራረጠችም። ዓይኔን ገለጥሁ። ዓባይ ከታች አረንጓዴ መካከል ሲታጠፍ አየሁት።

«ምን ትላለች?» ብሎ ጮኸ።

«አትለምንም!»

ከላይ ስንደርስ እስክትቀዘቅዝ እንኳ ሳይታገሥ ጣቱን እየተቃጠለ ካንዴላዋን ፈታ። መዳፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ተቀበልኋት። አሻሮ ነበር፤ ልክ ከእሳት የሚወርድበት ጊዜ።

ሰኞ ጠዋት ያን ቁራጭ ነጠላ አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼው ነበር። ወለተ ኪዳን ሞተሯን አስነሥታ አየችው። «እማማ፣ ይስጡኝ። ሞተሯ ባትፈልገው አቧራውን የምበላው እኔ ነኝ።» አፍንጫዋንና አፏን ሸፍና ከኋላ ቋጠረችው። መሪጌታ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? አላውቅም። እኔ ደስ አለኝ።

ሳምንቱ ግን ቶሎ አላልፍ አለ። አቶ ብሥራት የሰጧት ቀን የሚያልቀው በዚያ ሳምንት ነው። ሰኞ መጣች። ማክሰኞ መጣች። ረቡዕ ጎርፍ መንገድ ዘግቶ በዙሪያ መጣች፤ ሕዝቅኤል የዞረችውን ኪሎ ሜትር ሲሰማ ከንፈሩን ነከሰ። ሐሙስም መጣች፤ ቃለ ሕይወት በሐሙስ እናቷን ስታገኝ አሁንም የደነገጠች መሰለች። ዓርብ ጠዋት ልጄ የቋቱን ክዳን ከፍቶ አየና «ደርሶ ለመመለስ ይበቃል» አለ። ለወለተ ኪዳን አንድ ጊዜ፣ ለእኔ አንድ ጊዜ፣ ከሄደች በኋላ ደግሞ ለማንም ሳይሆን አንድ ጊዜ አለው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከጣና በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ የጎረቤትን ቆርቆሮ ይመታል። መብራት ጠፋ። ቃለ ሕይወት ማልቀስ አልጀመረችም፤ ግን ታጉረመርማለች፤ ጆሮዬን ትጎትታለች። ሕዝቅኤል ከደጃፍ እስከ በር፣ ከበር እስከ ደጃፍ ይመላለሳል። እኔም እመላለሳለሁ። በመካከል ስንገናኝ አንተያይም።

«ዝናቡ ይዟት ይሆናል» አልሁ።

«ይሆናል።»

«ወይ የምታምጥ እናት ይዛት ይሆናል።»

«እማየ፣ ዝም በይ!» አለና እጁን አነሣ። ቆመ። እኔ ከነፋሱ በቀር የምሰማው የለም።

«መጣች» አለ።

«የታለች?»

«ከአስፋልቱ ታጠፈች። ማርሹን ሦስት አደረገች... እጀታውን ለቀቀች። አየሽ? ፍሬን አልረገጠችም።»

መብራቷ አጥሩን ሲመታው እኔም ሰማኋት። ገባች፤ የመሪጌታ ጥለት ከአፏ ላይ ጭቃ ሆኗል። ቃለ ሕይወት ከእጄ ልትወድቅ ደረሰች። እናቷ ሞተሯን ለባሏ ለቃ ልጇን ነጠቀችኝ።

ሕዝቅኤል ሞተሯን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዛት፤ ጆሮውን ቋቱ ላይ አስጠጋ። ከውስጥ የቤንዚኑ መናወጥ ተሰማ።

«ስንት ቀርቷል?» አልሁት።

«ከሊትር ያንሳል» አለ። «ግን አለ።»

«አቶ ብሥራትስ ምን አሉ?» ብዬ ወደ ቤት ተጣራሁ።

«ምንም አላሉ» አለች ወለተ ኪዳን ከውስጥ። «‹ሰኞ እንገናኝ› ብለው ሄዱ።»

እራቱን አቀረብሁለት። ሳህኑን በግራ እጁ ያዘ።

«ዛሬስ ተቀመጥ» አልሁት።

«እሺ እማየ» አለና ቆመ። ሁለት ጎረሰ፤ ሦስተኛውን አፉ ሳያደርስ ወደ ሞተሯ አዘነበለ። «ስትገባ ካቴናዋ ትጮህ ነበር። አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም» አልሁት። ከውስጥ የቃለ ሕይወት መጥባት፣ ጉርጉር የሚለው መዋጧ፣ ጆሮዬን ሞልቶት ነበር።